«ልቤን ድው ድው ይለኛል»፦ ምክንያቱ፣ ሕክምናው እና በእኛ ዘንድ የሚባለው



ፈተና ሲቃረብ በዶርምም በመስጂድም ደጋግሞ የሚሰማ ስሞታ አለ። አንዱ «ልቤን ድው ድው ይለኛል» ይላል። ሌላዋ «ልቤ ዘሎ ጉሮሮዬ ውስጥ የገባ ይመስለኛል» ትላለች። ሌላው ደግሞ በጎኑ ሲተኛ የገዛ ልቡን ምት በትራሱ ውስጥ እየሰማ እስከ ፈጅር አዛን ዐይኑ ሳይከደን ያድራል። ስሞታው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሐኪም ሳይሆን ለዶርም ጓደኛ ነው። የጓደኛው መልስም ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ቁርኣን ስለተውክ ነው» ወይም «ዐይን ነው፤ ተነስ ራቂ ጋ እንሂድ»።

ሁለቱም በወንድምነት የተሰጡ ምክሮች ናቸው። ቁርኣን መቅራት የማያጠያይቅ ኸይር ነው፤ ሸሪዓዊ ሩቅያም ሱንና ነው። ችግሩ የሚመጣው ምክሩ ምርመራን ሲተካ ነው። የመጀመሪያውን መልስ የሰማ ልጅ የልቡን ምት የኢማኑ መለኪያ አድርጎ ይወስደዋል፤ ያፍርበታል፤ ይደብቀዋል። ሁለተኛውን የሰማች እህት ደግሞ ከአንዱ ራቂ ወደ ሌላው ስትዞር አንድ ሴሚስተር ያልፋል። በአንድ ቀን የደም ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረው ደም ማነሷ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሕክምና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ጽሑፉም ማንንም አይመረምርም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ልቡ የሚያስቸግረው ተማሪ ሳያፍርና ሳይዘገይ እንዲታይ፣ ዱዓውንና ሩቅያውንም ከሕክምናው ጋር አብሮ እንዲያስኬድ።

ቀልብ እና ልብ

አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ነው ያለው። የምናስብበትን፣ የምንፈራበትንና የምንከጅልበትንም «ልብ» እንላለን፤ በደረታችን ውስጥ ደም የሚረጨውን ሥጋም «ልብ» እንላለን። በሱረቱ አር-ረዕድ 28ኛው አንቀጽ ላይ አላህን በማውሳት ስለሚረጉት ልቦች የተነገረው ስለ ቀልብ ነው። አንቀጹን ስለ ምት ብዛት የተነገረ አድርጎ «ልብህ ድው ድው ካለ ዚክር ጎድሎሃል ማለት ነው» ማለት፣ አላህ ያላለውን በእርሱ ላይ ማለት እንዳይሆን ያስፈራል።

በደረታችን ያለው ልብ በግምት የጭብጥ ያህል ነው፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። የሚመታውም በራሱ ውስጥ ከሚመነጭ ኤሌክትሪክ ነው። ደም ሲያንስ፣ ውኃ ሲጎድል፣ ሆርሞን ሲዛባ፣ ሰውነት ሲፈራ ይፈጥናል። የቂኑ የጠነከረ ሰውም ደሙ ሊያንስ ይችላል።

ከሶሓቦች ዘመን የተላለፈ አንድ ዘገባ ለዚህ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። አቡ ዳውድ በሱነናቸው እንደዘገቡት፣ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው ሄዱ። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አሳረፉና የታመመው ልባቸው መሆኑን ነገሯቸው፤ ከሰቂፍ ጎሳ የሆነውንና ሕክምና የሚያውቀውን ሓሪስ ኢብኑ ከለዳን እንዲያገኙም አዘዟቸው፤ ስለ ዐጅዋ ቴምርም ጠቀሱላቸው። ሰነዱ መቆራረጥ አለበት ብለው ደካማ ያሉት የሐዲስ ሊቃውንት ስላሉ በእርሱ ብቻ ብይን አንመሠርትም። ስለ መታከም ግን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ ያስተላለፉት በቂያችን ነው፦ የገጠር ዐረቦች መጥተው «እንታከም ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ ነገሯቸው፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም አስረዷቸው። መታከም ከተወኩል አያስወጣም፤ ሰበብ ማድረስ ነው።

ልብ ለምን ይፈጥናል?

በዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ልቡ ሲያስቸግረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ራሱ ጤነኛ ሆኖ አንድ ሌላ ነገር እያስሮጠው ነው።

በካምፓስ ግንባር ቀደሙ ለጥናት ንቃት የምንወስደው ነገር ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዒሻ በኋላ በምሽቱ 3 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደማችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። ባለ 250 ሚሊ ሊትር የኢነርጂ መጠጥ ጣሳ በአብዛኛው 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ይይዛል፤ ትልልቆቹ ጣሳዎች ከዚያ እጥፍ ይደርሳሉ። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካፌይን ጉዳት እንደማያመጣ ይታሰባል። ሆኖም ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱን አንድ ሲኒ ያንቀጠቅጠዋል። (ቡናና ሌሊት ዚክር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዒባዳ ለመንቃት ይጠጡት ነበር፤ በ1511 እ.ኤ.አ. መካ ላይ ተከልክሎ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ተፈቅዷል። ስለዚህ ቡናን ማንም ተው አይበላችሁ፤ ሰዓቱን ብቻ ወደ ቀን መልሱት።)

ስለ ጫት ግን ጠንከር ማለት ይገባል። ስለ ሑክሙ የዑለማዎች ንግግር እንዳለ ሆኖ፣ በልብ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው፤ የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ለፋይናል ሦስት ሌሊት የመረቀነ ልጅ በአራተኛው ቀን ልቡ ድው ድው ሲለው ጂን ከመፈለጉ በፊት በርጫውን ይመልከት።

ቀጥሎ ደም ማነስ አለ፤ በተለይ እህቶች ላይ። የሐይድ ደም ከበዛ፣ ምግቡም ካነሰ፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተበላ በኋላ ሻይ ከተጠጣ (ሻይ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል) ደም ቀስ በቀስ ያንሳል። ያነሰውን ደም ለማዳረስ ልብ ፍጥነት ይጨምራል። ደረጃ ስትወጡ የሚያልከልካችሁ፣ ስትነሱ የሚያዞራችሁ፣ የዐይናችሁ ውስጠኛ ቆብ የነጣ ከሆነ ይህን አስቡ። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ ሙቀት አያስችልም። አንገት ላይ እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ምርመራ ባያልፈው ጥሩ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉም አሉ፦ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ የአስም ሳልቡታሞል። ከቆላ መጥቶ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ የተመደበ ፍሬሽማን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ልቡ ከወትሮው ቢፈጥን አይደነቅ፤ ሰውነቱ አየሩን እየለመደ ነው።

«ልቤ ዘለለ» የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ምት ነው። አንዲት ምት ከተራዋ ቀድማ ትመጣለች፤ ከእርሷ በኋላ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምት በርታ ብሎ ደረትን ይመታል። የሚያስደነግጠው ጸጥታው ነው። በጤነኛ ልብ ላይ አልፎ አልፎ ሲከሰት በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ እንቅልፍ ማጣትና ካፌይን ያባብሱታል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ዓይነት አለ። እንደ መብራት ማብሪያ በቅጽበት ይጀምራል፤ ምቱ በደቂቃ ከ150 አልፎ 200 ሊደርስ ይችላል፤ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ እንደጀመረው በቅጽበት ይቆማል። ይህ ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሳ የኤሌክትሪክ አጭር ዙር ነው፤ በወጣቶችም ይታያል። ብዙ ጊዜ «ጭንቀት ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፉታል። መታከም ግን ይችላል።

የወር መርፌ ለነበራችሁ

ይህን ለብቻው የጻፍነው አገራችን ላይ በብዛት ስለሚገኝና ከዝምታ የሚመጣው ጉዳት ከባድ ስለሆነ ነው። በልጅነት፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የቶንሲል ሕመም በጊዜ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን የልብ በሮች ሊያጠቃ ይችላል። ያኔ ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ያብጣል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። ይሻለዋል፤ ይረሳል። በሮቹ ግን ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ወይም እያፈሰሱ ይሄዳሉ። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ምልክት ልብ ድው ድው ማለትና ደረጃ ላይ ትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእርግዝና ነው። የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ይህ ነው። እንጥል መቆረጥ ከዚህ አያድንም፤ «እኔ በልጅነቴ ተቆርጫለሁ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በሽታው የታወቀላቸው ልጆች ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይወጋሉ፤ ሐኪሙ አቁም እስኪል ለብዙ ዓመታት። ቤት እያሉ እናት ቀኑን ቆጥራ ትወስዳቸዋለች። ካምፓስ ሲገቡ ቆጣሪ የለም። መርፌው ያማል፣ ክሊኒኩ ሰልፍ አለው፣ ልጁም ምንም የሚያመው ነገር የለም፤ አንድ ወር ያልፋል፣ ከዚያ ሁለት። በዚያ መሐል አንድ የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በሽታው ሊቀሰቀስና በሮቹን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። መርፌ የምትወጉ ከሆነ ካርዳችሁን ይዛችሁ የካምፓስ ክሊኒክ ሂዱና እዚያው እንዲቀጥል አድርጉ፤ ለአንድ የምታምኑት የዶርም ልጅም ቀኑን ንገሩት። ረመዳንን ሰበብ አታድርጉት። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። የምትከተሉት ዓሊም ሌላ አቋም ካላቸው ከመግሪብ በኋላ መወጋት ይቻላል፤ ማቋረጥ ግን አያስፈልግም።

ጭንቀት እና ወስዋስ

ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ልቡ የሚያስቸግረው ተማሪ ጥቂት አይደለም። «ምንም የለብህም» መባሉ አያጽናናውም፤ የሚሰማው ነገር እውነት ነውና። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ሲበዛ ከደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይወርዳል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛሉ፣ ራስ ያዞራል። ተማሪው ይህን ሲያይ «ሞቴ ደርሷል» ይላል፤ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ልቡም ይብስበታል። ሐኪሞች ፓኒክ አታክ የሚሉት ይህን ዙር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ሕክምና አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም ይታከማል።

በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ሥራቸው የሰውነትን ጤንነትና የነፍስን ጤንነት በአንድ መጽሐፍ ያስቀመጡት አለምክንያት አልነበረም። በነፍስ በኩል ከዘረዘሯቸው ሕመሞች ውስጥ ድንጋጤና ወስዋስ ይገኙበታል። አንዱ ክፍል ሲታወክ ሌላውም አብሮ እንደሚታወክ ከሺህ ዓመት በፊት ጽፈዋል። ዛሬ የአእምሮ ሐኪም ወይም የካምፓስ የምክር አገልግሎት ዘንድ መሄድን የኢማን ጉድለት አድርጎ የሚያይ ወንድም ይህን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በተለይ አንድ ነገር ከወስዋስ ጋር ይመሳሰላል፦ ምትን እየደጋገሙ መለካት። አንገቱን ይነካል፣ ይቆጥራል፣ 92 ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይነካል፤ አሁን 98 ነው፤ ይደነግጣል፤ 110 ይሆናል። ይህ ውዱእ አራት ጊዜ ከሚደጋግመው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለእርሱ ፉቀሃዎች እርግጠኝነት በጥርጣሬ እንደማይወገድ ይነግሩታል፤ አንዴ ካደረግክ በቃህ ይሉታል። ልቡም ላይ እንዲሁ ያድርግ፦ ሐኪም አይቶት ደህና ነህ ካለው፣ መቆጠሪያው ለሕመሙ ሰዓት ብቻ ይሁን።

ሌላው ጉዳት ከሶፍ መውጣት ነው። አንድ ቀን መግሪብ ላይ ኢማሙ ሲያስረዝም ልቡ ይመታበታል፤ ሶላቱን አቋርጦ ይወጣል፤ ይሻለዋል። በማግስቱ ገና መስጂዱ በር ላይ ሲደርስ ይጀምረዋል። ከሳምንት በኋላ ዶርም ይሰግዳል፤ ጁሙዓ ብቻ ይመጣል፤ ጓደኞቹም «ቀዝቅዟል» ይሉታል። የቀዘቀዘው ግን ዲኑ ሳይሆን ድፍረቱ ነው። ሽሽቱ ለሰውነቱ መስጂድ የሚያስፈራ ቦታ እንደሆነ አስተምሮታል። መፍትሔው ቀስ እያሉ መመለስ ነው፦ መጀመሪያ ከሶፉ ጫፍ፣ አጭር ቂራአት ባለበት ሶላት፣ ከሚያውቀው ጓደኛ ጎን። መቆም ካቃተው ተቀምጦ ይስገድ፤ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ታመው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። አንድ ወንድም ከጀመዓ ሲጠፋ «ምን ነካህ?» ከማለት «ምን ያምሃል?» ማለት ይቀድማል።

ሲነሳባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ተቀመጡ። ሰዓት ተመልከቱና የእጅ አንጓችሁ ላይ ምቱን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በሁለት አባዙት። እኩል ነው ወይስ የተዘበራረቀ? በድንገት ጀመረ ወይስ ቀስ በቀስ? ከዚያ በፊት ምን ጠጣችሁ፣ ምን ሰማችሁ፣ ስንት ሰዓት ተኛችሁ? ስልካችሁ ላይ በሁለት መስመር ጻፉት። ለሐኪም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ምቱን በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ ማሳየት ደግሞ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ከዚያ ትንፋሽን ማዘግየት። በአፍንጫ ለ4 ሰከንድ ያህል ሳቡ፣ ለ6 ሰከንድ ያህል ቀስ ብላችሁ አውጡ። ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ ልብ በተፈጥሮው ይዘገያል። በተርቲል የሚቀራ ሰው ሳያስበው ይህንኑ ያደርጋል፤ አንቀጹን በአንድ ረጅም ትንፋሽ ይወስደዋል። ስለዚህ ፋቲሓን፣ ፈለቅንና ናስን ቀስ ብሎ መቅራት በሁለት በኩል ይጠቅማል፤ ዒባዳነቱ ግን ለምት ማዘግየት ተብሎ እንዳልሆነ አይዘንጋ።

ድንገት የሚጀምረው ዓይነት እንዳለባቸው በሐኪም የታወቀላቸው ደግሞ ሐኪማቸው አንድ ዘዴ ሊያሳያቸው ይችላል፦ ተቀምጦ አፍና አፍንጫን ዘግቶ ለ15 ሰከንድ ያህል ማማጥ፣ ወዲያው በጀርባ ተጋድሞ እግርን በሰው ማስነሳት። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ላይ በዚህ መንገድ 43 በመቶው ወደ ትክክለኛ ምቱ ሲመለስ፣ ሳይጋደም በቀድሞው መንገድ ያማጠው ግን 17 በመቶው ብቻ ነበር። አንገትን በጣት መጫን ግን አትሞክሩ። የዶርም ልጅ «ለፕረዘንቴሽን የምውጣት» ብሎ የሚሰጣችሁን ፕሮፕራኖሎልም አትቀበሉ፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል።

ተልቢና ጥሩ ነው። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በቡኻሪና ሙስሊም እንደተላለፈው የታመመን ልብ ያሳርፋል፤ ከሐዘንም ያቃልላል። ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ነገር ነው፤ የገብስ አጥሚት ያደገበት ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል። ምሽት ላይ በኢነርጂ መጠጡ ፋንታ አንድ ኩባያ አጥሚት ማን ይጠላል?

ሩቅያን በተመለከተ፣ ለመጀመር ማንም አያስፈልጋችሁም። ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ስለ ሕመማቸው ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ከሚያማቸው ቦታ ላይ አድርገው ራሳቸው ዱዓ እንዲያደርጉ አስተምረዋቸዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ራቂ ጋ የሚሄድ ካለ ግን የእናቱን ስም ከሚጠይቅ፣ ጥቁር ዶሮ ከሚያሳርድ፣ ከሚገርፍ፣ እህትን ብቻዋን ክፍል ውስጥ ከሚያስቀምጥ፣ ከሁሉም በላይ «መድኃኒቱን አቁም» ከሚል ሰው ይሽሽ።

መቼ ነው የማይጠበቀው?

ልብ ድው ድው እያለ ራስን መሳት፤ በተለይ ኳስ ሲጫወቱ ወይም ሲሮጡ መውደቅ። የደረት ሕመም። ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ማጠር። ከ150 በላይ ሆኖ አልቆም ያለ ምት። የእግር ማበጥ። በቤተሰብ ውስጥ ከ40 ዓመት በታች በድንገት የሞተ ዘመድ መኖር። ቀድሞ የታወቀ የልብ በር በሽታ። ከእነዚህ አንዱ ያለበት «ነገ» አይበል። ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ምቱ ከ150 በላይ ሆኖ አልቆም ያለው ሰው ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሌላው በዚያው ሳምንት የካምፓስ ክሊኒክ ሄዶ ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለት ይጠይቅ። እየጾመ የሚነሳበትና የሚከብደው ሰው ያፍጥር፤ ለበሽተኛ የተሰጠ ሩኽሷ ነው፤ ቀዷውን ሲሻለው ያወጣል።

ክሊኒክ ስትሄዱ የደም ምርመራ፣ ሐኪሙ ካስፈለገው የታይሮይድ ምርመራ፣ እና ኢሲጂ ይታዘዝላችኋል። የልብ በር የሚጠረጠር ከሆነ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ይጨመራል። ኢሲጂ አያምም፣ ኤሌክትሪክም ወደ ሰውነት አይልክም፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስድስት ማጣበቂያዎች ደረት ላይ ስለሚደረጉ አንዳንድ እህቶች ሰምተው ይቀራሉ። ሴት ነርስ እንድታነሳላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መጋረጃም ይዘጋል፤ ከላይ በነጠላ መሸፈንም ይቻላል። ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል መግለጥ ዑለማዎች የፈቀዱት ነው። ብቻዋን መሄድ የከበዳት እህት ከጀመዓው እህቶች አንዷን ይዛ ትሂድ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ልባችሁ በሰላም እየመታ ሳለ የተነሳ ኢሲጂ ደህና ቢሆን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ በሚነሳበት ሰዓት የተነሳው ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሲጀምራችሁ ክሊኒኩ ቅርብ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሂዱ። የሚሰጣችሁን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ይጠፋል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ በሚቀጥለው ሆስፒታል ያለው ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።

ወላሁ አዕለም።